ኮምፒውተሩ ዲስኩን ለምን ያጣዋል? «ሬይድ» የምትባል አንዲት ስም የሠራችው ሥራ

ሰሞኑን ኢንቦክሴ ውስጥ አንድ ዓይነት ጥያቄ ተደጋግሞ መጣ። «ቲቸር፣ ላፕቶፕ ገዝቼ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ልጭንበት ብዬ ፍላሹን ሰካሁ፤ ዲስክ የለም ይለኛል። ትናንት ግን በደንብ ሲሠራ ነበር። ዲስኩ ተቃጥሎ ነው?»

አልተቃጠለም። መልሱ ሁለት መስመር ነው፣ ኮሜንት ላይ ጽፌው ማለፍ እችል ነበር። ግን ከመልሱ ጀርባ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለ፤ እኔንም አንድ ጊዜ በሰው ፊት አዋርዶኛል። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፈው። ሻይ ቢጤ ይዛችሁ ተቀመጡ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የራሴን ገጠመኝ ብቻ በእኛ አድርጌዋለሁ።)

በገጠመኙ ልጀምር። በ2004 ዓ.ም. ነው። ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ፤ ቀን አይሲቲ አስተምራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በከተማችን «ኮምፒውተር የሚችለው ልጅ» እኔ ነኝ። አንድ ትምህርት ቤት (ስሙ ይቅር) የሪከርድ ቢሮው ኮምፒውተር አልነሳ አለ ብለው ጠሩኝ። ከዚያ በፊት መብራት ለሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር። ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት መስመር፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን መጫን አልተቻለም። ያኔ የማውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው። እሱም እናንተም የምታውቁት «ፎርማት» ነው።

የሪከርድ ሠራተኛዋ ትልቅ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ የልጆቹ ውጤት በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው ያለው» አሉኝ። እኔም በሙሉ ልብ «አይዞዎት እትዬ፣ እኔ የምነካው ሲን ነው፤ ዲ ላይ ያለው አይነካም» አልኳቸው። የኤክስፒ ሲዲ አስገባሁ። የመጫኛው ገጽ ሁለት ዲስክ አሳየኝ። አንደኛው ላይ የማይታወቅ የሚል ክፍልፋይ አለ፣ ሁለተኛው ባዶ ነው። ዲ የሚባል ነገር የለም። እዚህ ጋ መቆም ነበረብኝ። አልቆምኩም። «ተበላሽቶ ነው» ብዬ ሰረዝኩ፣ ከፈልኩ፣ ፎርማት አደረግኩ። ኤክስፒ ቆንጆ ሆኖ ተነሳ። የአምስት ዓመት ውጤት ግን አልነበረም።

ከወረቀቱ ሮስተር ላይ መልሰን ጻፍነው። ሦስት መምህራንና እኔ፣ ሦስት ሳምንት፣ ከክፍለ ጊዜ በኋላ እስከ ምሽት። የአንዱ ሴክሽን ሮስተር ጣሪያ አፍስሶበት ቀለሙ ጠፍቶ ስለነበር፣ መምህራኑ ቤት ድረስ ሄደን የግል ማርክ ሊስታቸውን ለመንን። ትራንስክሪፕት ሊያወጡ የመጡ ልጆች በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ አያለሁ። እትዬ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ያ ደግሞ ይብስ ነበር።

ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከሁለቱ ዲስኮች አንዱም አልተበላሸም ነበር። የተበላሸው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ናት። ሦስት ቀን መብራት ሲጠፋ ባትሪዋ አልቃ ባዮሱ የተሞላለትን ሁሉ ረሳ፤ «ሬይድ» የሚለው ምርጫም ወደ ተራው «አይዲኢ» ተመለሰ። ሁለቱ ባለ 160 ጊጋባይት ዲስኮች እንደ አንድ ሆነው በሬይድ 0 ተሳስረው ነበር የሚሠሩት፤ ማይ ኮምፒውተር ላይ ሲና ዲ ተደምረው 298 ጊጋባይት ገደማ የሚያሳዩትም ለዚህ ነበር። ባዮሱ ገብቼ ያችን አንዲት ቃል ብመልሳት ኖሮ ሁሉም ነገር በአምስት ደቂቃ እንደነበረ ይነሳ ነበር። አንድም ፋይል አይጠፋም ነበር!

አንዲት ቃል ዲስክን እንዴት ታጠፋለች? ታሪኩ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

በ1980ዎቹ ትልልቅ ድርጅቶች መረጃቸውን የሚያስቀምጡት ቁም ሣጥን በሚያካክሉ ውድ ዲስኮች ነበር። በአንጻሩ ደግሞ ለግል ኮምፒውተር የተሠሩ ትንንሽና ርካሽ ዲስኮች ገበያውን እየሞሉት ነው። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ ትንንሾቹን ሰብስበን የትልቁን ሥራ ብናሠራቸውስ? በጁን 1988 ቺካጎ በተደረገ የዳታቤዝ ጉባኤ ላይ ጽሑፋቸውን አቀረቡ። ለማነጻጸሪያ የወሰዱት 7,500 ሜጋባይት የሚይዘውን የአይቢኤም 3380ን እና 100 ሜጋባይት ብቻ የሚይዘውን የኮነር ዲስክ ነበር። ለነገሩ ስያሜውን «ሬይድ» አሉት፦ ትርፍ ያላቸው የርካሽ ዲስኮች ስብስብ ማለት ነው። (ኋላ ላይ «ርካሽ» የሚለው ቃል ወጥቶ «ራሳቸውን የቻሉ» በሚል ተተካ። ውድ ሣጥን እየሸጥክ «ርካሽ» ብለህ መጻፍ አይመችም መቼም።)

ችግሩ ግን ግልጽ ነበር። አንድ ዲስክ በአማካይ ከ30,000 ሰዓት በኋላ ይበላሻል እንበል። መቶ ዲስክ ብትሰበስብ ከመቶው አንዱ በየ300 ሰዓቱ ይበላሻል። ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም! ጽሑፉ ራሱ ይህን ስሌት ያስቀምጣል። መፍትሔው ታዲያ «ትርፍ» የምትለዋ ናት። ለተማሪዎቼ የማስረዳው በሮስተር ነው። የአንድ ተማሪ የሦስት ትምህርት ውጤት 70፣ 80፣ 65 ነው፤ መጨረሻ ላይ ድምር የሚል ዓምድ አለ፣ 215። የአማርኛው ውጤት ላይ ቀለም ቢደፋበት ከድምሩ ሌሎቹን ቀንሰህ ታወጣዋለህ። ሁለት ውጤት ላይ ከተደፋ ግን አለቀ። ሬይድ 5 ማለት ይኸው ነው፤ የድምሩ ዓምድ አንድ ዲስክ ላይ እንዳይከማች በሁሉም ላይ ተበትኖ ይቀመጣል። ሬይድ 1 ደግሞ ሮስተሩን በሁለት ኮፒ መያዝ ነው። ጽሑፉ የዘረዘረው ከ1 እስከ 5 ነበር። ሬይድ 0 እዚያ ውስጥ የለም፤ በኋላ የመጣ ስም ነው። ምንም ትርፍ ስለሌለው እንዲያው ስሙ ራሱ ውሸት ነው፤ ሮስተሩን መሐል ለመሐል ቀዶ ለሁለት ሰው እንደመስጠት ያለ። የእኔ ጉድ እሱ ነበር።

ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ አዲስ ነበር ለማለት ግን አይቻልም። የአይቢኤሙ ኖርማን ኬን ኡቺ የተበላሸ ማኅደርን ከቀሩት ላይ መልሶ ለማግኘት የሚያስችል ፓተንት በ1978 አግኝቶ ነበር። የበርክሌይ ሰዎች ስምና ቁጥር ሰጡት፤ ገበያው የያዘውም ስሙን ነው።

አሁን ወደ ድራይቨሩ። በ1990ዎቹ እንደ ማይሌክስ፣ ኮምፓክ፣ አዳፕቴክ፣ አሜሪካን ሜጋትሬንድስ ያሉ ኩባንያዎች የሬይድ ካርድ ሸጡ። ካርዱ ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፦ የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሜሞሪ፣ ሲያሰኘው የራሱ ባትሪ አለው። ዲስኮቹ የሚሰኩት ካርዱ ላይ ነው፤ ድምሩን የሚሠራው፣ የተበላሸውን የሚለየው እሱ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አምስቱን ዲስክ ፈጽሞ አያያቸውም። ካርዱ «እኔ ጋ አንድ ትልቅ ዲስክ አለ» ይለዋል፣ እሱም ያምናል።

ይቺን ውሸት በሥርዓት ለመዋሸት ልብስ ያስፈልግ ነበር፤ የተገኘው ልብስ ስከዚ ነው። ስከዚ በጊዜው የሰርቨር ዲስኮች የሚግባቡበት ቋንቋ ነው። ዊንዶውስ ኤንቲ በ1993 ሲወጣ ድራይቨሩን ለሁለት ከፍሎት ነበር፦ ለሁሉም የሚያገለግለውን የጋራ ሥራ ማይክሮሶፍት ይጽፈዋል፣ የየካርዱን ጠባይ የሚያውቀውን ትንሹን ክፍል ደግሞ ካርዱን የሠራው ኩባንያ። የሬይድ ካርድ አምራቾች ትንሿን ክፍል ጽፈው ካርዳቸውን እንደ ስከዚ አስመስለው አስገቡት። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ለዓመታት «ስከዚና ሬይድ ኮንትሮለሮች» የሚል አንድ መደብ ታዩ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ «ስቶሬጅ ኮንትሮለሮች» ይላል፤ የውስጥ ስሙ ግን አሁንም «ስከዚ አዳፕተር» ነው። የድሮ ስም በዊንዶውስ ቤት አይሞትም።

ልብሱ ግን ጠበበ። አሮጌው የጋራ ድራይቨር ለአንድ ካርድ በአንድ ጊዜ ከ254 ጥያቄ በላይ አያስተናግድም፤ ከካርዱ ጀርባ ሃምሳ ዲስክ ቢኖርም ያው ነው። ጥያቄ መላክና መልስ መቀበልንም ጎን ለጎን አያስኬድም ነበር። ስለዚህ ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ጋር ስቶርፖርት የሚባለውን አዲሱን አመጣ፤ 254ቱ ለካርዱ በጠቅላላ መሆኑ ቀርቶ ለእያንዳንዱ ዲስክ ሆነ።

ሊኑክስ በበኩሉ መጀመሪያ ላይ ዝብርቅርቅ ያለ ነበር። አንዳንዱ ካርድ የስከዚ ልብስ ይለብሳል፣ ሌላው የራሱን ስም ይዞ ይመጣል። የማይሌክስን ድራይቨር የጻፈው ሌናርድ ዙብኮፍ የሚባል ሰው ነው፤ የእሱ ዲስኮች እንደ ሌሎቹ ሳይሆን «አርዲ» በሚል በራሳቸው ስም ነበር የሚታዩት። ዙብኮፍ በ2002 አላስካ ውስጥ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ። ድራይቨሩ ግን ከእሱ ሞት በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ በከርነሉ ውስጥ ቆይቶ፣ በ2018 የስከዚን ልብስ በለበሱ አዳዲስ ድራይቨሮች ተተክቶ ወጣ። አንድ ሰው የጻፈው ነገር ይህን ያህል ዓመት የማያውቃቸውን ሰዎች ዲስክ ሲያንቀሳቅስ መኖሩ ይገርመኛል።

እዚህ ላይ ነው መታወቂያው የሚመጣው። ኢንቴል በ1992 ያስተዋወቀው ፒሲአይ የሚባለው የካርድ መሰኪያ አንድ ትልቅ ነገር አመጣ፦ እያንዳንዱ ካርድ የራሱን መታወቂያ ይዞ ይመጣል። የቀበሌ መታወቂያን አስቡ። የአምራቹ ቁጥር አለ (የኢንቴል 8086 ነው፤ ሆን ብለው የታዋቂውን ፕሮሰሰራቸውን ስም ነው የወሰዱት መሰለኝ)፣ የዕቃው ቁጥር አለ፣ ከዚያ ደግሞ «ሥራ» የሚል መስመር አለ። የሥራው መስመር በ01 ከጀመረ መረጃ ማስቀመጫ ነው። ቀጣዩ ቁጥር ዓይነቱን ይለያል፦ 0100 ስከዚ፣ 0101 አይዲኢ፣ 0104 ሬይድ፤ በኋላም 0106 ሳታ፣ 0108 ኤንቪኤምኢ ያሉበት ዓይነት ተጨመሩ።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲነሳ ሁሉንም መታወቂያ ይሰበስብና ድራይቨር ይፈልግላቸዋል። ዊንዶውስ መጀመሪያ በአምራችና በዕቃ ቁጥር በትክክል የሚገጥም ድራይቨር ካለ ያንን ይመርጣል። ከሌለ «ሥራ» የሚለውን መስመር አይቶ ለዚያ ሥራ የተዘጋጀ አጠቃላይ ድራይቨር ይሰጠዋል። ይህ ለአብዛኛው ዕቃ ቆንጆ ሆኖ ይሠራል። ሳታ ኮንትሮለር 010601 ብሎ ከመጣ፣ የመጨረሻው 01 «የምናገረው ኤኤችሲአይ ነው» ማለት ነው። ኤኤችሲአይ ደግሞ በ2004 የወጣ፣ ሁሉም አምራች የሚከተለው ቋንቋ ነው። ኤንቪኤምኢውም 010802 ሲል እንደዚያው። ሥራውንም ቋንቋውንም ነግሮሃል፤ አንድ ድራይቨር የሁሉንም አምራች ዕቃ ያነጋግራል።

0104 ግን «እኔ ሬይድ ነኝ» ብሎ ዝም ይላል። መታወቂያ ላይ «ሥራ፦ ነጋዴ» ቢል ምን እንደሚሸጥ፣ በምን ቋንቋ እንደሚያስማማህ አታውቅም አይደል? እንደዚያው ነው። ለሬይድ የጋራ ቋንቋ አልተበጀለትም፤ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ነው የሚናገረው። ስለዚህ አጠቃላይ የሬይድ ድራይቨር የሚባል ነገር የለም፣ ሊኖርም አይችልም። አምራቹ የጻፈውን ካላገኘህ ዲስኩ የለም። ላፕቶፓችሁ ላይ «ዲስክ የለም» የሚለው መልእክት ዋና ሥሩ ይህ ነው።

ሰርቨር ክፍል ውስጥ ይህ ችግር አልነበረም። ሬይድ ካርድ የሚገዛ ድርጅት ቴክኒሻንም ድራይቨሩን የያዘ ሲዲም አለው። ነገሩ የተበላሸው ሬይድ ወደ ሕዝብ ሲወርድ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕሮሚስና ሃይፖይንት የሚባሉ ኩባንያዎች ለተራ የቤት ዲስክ የሚሆን ርካሽ «ሬይድ» ማቅረብ ጀመሩ። አቢት ኬቲ7 ሬይድን የመሰሉ ማዘርቦርዶችም የሃይፖይንቱን ቺፕ ለጥፈው ስሙ ላይ «ሬይድ» ጨመሩበት። ግን እነዚህ ላይ ፕሮሰሰር የለም፣ የራስ ሜሞሪ የለም። ተራ የአይዲኢ ቺፕ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የካርዱ ባዮስ ሁለቱን ዲስክ አንድ አስመስሎ ያቀርባል፤ ዊንዶውስ ሥራውን ከባዮሱ ሲረከብ ግን ማስመሰሉን የሚቀጥለው ድራይቨሩ ነው፣ ድካሙም በኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ላይ ነው። ሊኑክሶች «ፌክ ሬይድ» አሉት፣ ስሙም ያዘ።

ምን ያህል ፌክ እንደነበር ልንገራችሁ። ፕሮሚስ ኡልትራ66 የሚባል ተራ ካርድና ፋስትራክ66 የሚባል የሬይድ ካርድ ይሸጥ ነበር፤ ፋስትራኩ በእርግጥ ይወደዳል። ሰዎች ከፍተው ሲያዩት ቺፑ አንድ ነው። ተራው ካርድ ላይ አንዲት ትንሽ ሬዚስተር በያጅና የሌላውን ባዮስ ስትጭንበት፣ ካርዱ በማግስቱ «እኔ ሬይድ ነኝ» ብሎ ይነሳ ነበር! በዚያ ዘመን በኢንተርኔት ላይ ስንቱ ብየዳ ተማረበት።

ኢንቴል ደግሞ ይህን ሁሉ ወደ ራሱ ቺፕሴት አስገባው። ከ2003 ጀምሮ በስማቸው መጨረሻ ላይ የሬይድ ምልክት ያለባቸው ቺፖች መጡ፤ ባዮስ ውስጥም ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ምርጫ ተከሰተ፦ አይዲኢ፣ ኤኤችሲአይ፣ ሬይድ። ይህ ምርጫ ስትቀይሩት የሚያደርገውን ልብ በሉ። ዕቃው ያው ነው፣ ዲስኩም ያው ነው። የሚቀየረው መታወቂያው ነው። ሬይድ ስትሉት የሥራው መስመር 0104 ይሆናል፣ የዕቃው ቁጥርም ይቀየራል። ለብዙ ትውልድ የኢንቴል ዴስክቶፕ ቺፖች በሬይድ ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር፣ 2822ን፣ ሲያሳዩ ኖረዋል፤ የተለያየ ዘመን ዕቃ አንድ መታወቂያ ይዞ።

ኤክስፒ በ2001 ሲወጣ ከእነዚህ አንዱንም አያውቅም። ሰማያዊው የመጫኛ ገጽ ሲጀምር ከታች «የሌላ ኩባንያ ስከዚ ወይም ሬይድ ድራይቨር ካለህ ኤፍ 6ን ተጫን» የሚል ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ያልፋል። ስትጫኑት የሚቀበለው ከፍሎፒ ነው! ኮምፒውተሮቹ ፍሎፒ ማንበቢያ ሳይኖራቸው መምጣት ከጀመሩ በኋላ እንኳ ኤክስፒ ፍሎፒ ይጠይቅ ነበር። የእኔ ዘመን ልጆች ኤንላይት በሚባል ፕሮግራም ድራይቨሩን ሲዲው ውስጥ ቀላቅለን አዲስ ሲዲ ስናቃጥል ነው ያደግነው። ለምን እንደምናደርገው ግን አብዛኞቻችን አናውቅም፤ «ሰማያዊው ስክሪን እንዳይመጣ» ነበር መልሳችን።

ሰማያዊው ስክሪን በመጨረሻው ቁጥሩ 7ቢ የሚባለው ነው፦ የምነሳበትን ዲስክ ማግኘት አልቻልኩም ማለት ነው። ምክንያቱ ይህ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጭነው ሲጫን የተጠቀመበትንና «ከመጀመሪያው ጫን» ተብሎ ምልክት የተደረገበትን የዲስክ ድራይቨር ብቻ ነው። በኋላ ባዮስ ውስጥ መታወቂያውን ከቀየራችሁበት የያዘው ድራይቨር አይገጥምም፤ የሚገጥመውን ደግሞ የሚያመጣው ከዚያው ዲስክ ላይ ነው። ቁልፉ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት እንደቀረ ሰው ነው። በዊንዶውስ 10 ብዙዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ፣ መጀመሪያ ሴፍ ሞድ እንዲነሳ አዝዞ፣ ከዚያ ባዮሱን መቀየር የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሴፍ ሞድ ተኝተው የነበሩትን መሠረታዊ ድራይቨሮች ይቀሰቅሳቸዋል።

ሊኑክሶች ሌላ መንገድ ሄዱ። በ2.4 ዘመን ለፌክ ሬይድ የተለየ ድራይቨር ነበራቸው፤ 2.6 በ2003 መጨረሻ ሲወጣ ያንን ጣሉት። ክርክራቸው ቀላል ነው፦ ይሄ ዕቃ ተራ ኮንትሮለር ነው፣ እኛም እንደ ተራ እናነጋግረዋለን። ሬይዱ ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡን ሌላ ፕሮግራም ይሥራው። ለዚህም መጀመሪያ ዲኤምሬይድ፣ በኋላም የኒል ብራውኑ ኤምዲአድም የኢንቴልን ምልክት ከዲስኩ ጫፍ ላይ እያነበቡ ሬይዱን መልሰው ይገጥሙታል። የኤኤችሲአዩን የሊኑክስ ድራይቨር ኮድ ብትከፍቱ ያ 2822 ቁጥር በዝርዝሩ ውስጥ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። በሥራው መስመር ቢሄዱ ኖሮ 0104 ስለሚል አይገጥምም ነበር፤ ስለዚህ «ይህን ሰው በስሙ እናውቀዋለን፣ መታወቂያው ሬይድ ቢልም ቋንቋው ኤኤችሲአይ ነው» ብለው ነው ያስገቡት። ዊንዶውስ መታወቂያውን ያምናል፣ ሊኑክስ ከመታወቂያው ጀርባ ያያል። እኔ ለሊኑክሱ አደላለሁ፣ አልደብቅም። ግን የእሱም መንገድ አደጋ አለው። ሬይድ 1 ላይ ያሉ ሁለት ዲስኮችን ሬይዱን ሳይገጥም ለየብቻ ካሳያችሁና አንዱ ላይ ብቻ ከጻፋችሁበት፣ ሁለቱ ኮፒዎች ይለያያሉ፤ ከዚያ በኋላ የትኛው እውነተኛው እንደሆነ ራሱ ሬይዱም አያውቅም።

የሊኑክሱ ዘዴ በ2016 ግድግዳ ገጨ። ሌኖቮ ዮጋ 900 የሚባለው ላፕቶፑ አንደኛው ሞዴል ላይ ኮንትሮለሩን በሬይድ ሞድ ቆልፎ፣ ኤኤችሲአይ የሚለውን ምርጫ ከባዮሱ ላይ አንስቶት ነበር። ሊኑክስ ሊጭኑ የሞከሩ ሰዎች ዲስክ የለም ተባሉ። ኢንተርኔቱ «ማይክሮሶፍት ሊኑክስን ሊያግድ ነው» ብሎ ተነሳ፤ ሌኖቮ አስተባበለ፣ ቆይቶም ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች የተለየ ባዮስ አወጣ። እዚያ ላፕቶፕ ላይ የሆነው ነገር ከቀድሞው ይለያል። ኢንቴል አዲሱን የኤንቪኤምኢ ዲስክ ከሳታው ኮንትሮለር ጀርባ ደብቆታል። ከጀርባ ለማየት የለመደው ሊኑክስ ሲመለከት የሚያየው ባዶ የሳታ ኮንትሮለር ነው። የከርነል ሰዎች ይህንን ድብቅ አሠራር በከርነሉ ውስጥ ሊያስተናግዱ አልፈለጉም። በምትኩ ያስገቡት አንድ የማስጠንቀቂያ መስመር ነው፦ የተደበቁ ዲስኮች አግኝቻለሁ፣ ባዮስህን ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ ቀይር የሚል። እንደ ቲቸር ሳየው ደስ የሚል የተግሣጽ ማስታወሻ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ላፕቶፕ መጣን። ኢንቴል ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2020 በኋላ፣ ለሰርቨር ሠርቶት የነበረውን ቪኤምዲ የሚባል ነገር ወደ ላፕቶፕ አወረደው። ቪኤምዲ የኤንቪኤምኢ ዲስኮችን ከራሱ በስተጀርባ ወዳለ የተለየ ጓዳ ያስገባቸዋል፤ ጓዳውን የሚከፍተው የራሱ ድራይቨር ብቻ ነው። ሊኑክስ ድራይቨሩ ከ2016 ጀምሮ ስላለው ብዙም አይቸገርም። የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ግን ብዙ ጊዜ የለውም። እና ሊኑክስ ላይ የዕቃዎቹን ዝርዝር ብታወጡ ቪኤምዲው የያዘው መታወቂያ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? 0104። ሬይድ። አንዲት ዲስክ ብቻ ባላት፣ ሁለተኛ ዲስክ የሚሰካበት ቦታ እንኳ በሌላት ላፕቶፕ ላይ!

ስለዚህ ለጠየቃችሁኝ፦ ዲስኩ ደህና ነው። መጀመሪያ ባዮሱን ክፈቱና የስቶሬጁን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ እኔ ከዚያ ትምህርት ቤት ወዲህ ይህን ሳላደርግ የማንንም ኮምፒውተር አልነካም። ከዚያ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ በላፕቶፓችሁ ሞዴል ገብታችሁ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን አውርዱ፣ ዚፑን ፈትታችሁ ፍላሹ ላይ ገልብጡት፤ መጫኛው «ዲስክ የለም» ሲላችሁ «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን ተጭናችሁ ማኅደሩን አሳዩት። ዲስኩ ብቅ ይላል። ቪኤምዲውን ከባዮስ ማጥፋትም ይቻላል፤ ግን ውስጡ የምትፈልጉት ዊንዶውስና ፋይል ካለ እንዲሁ አታጥፉት፣ ያ 7ቢ ይጠብቃችኋል። አጥፍታችሁትም ከሆነ አትደንግጡ፣ መልሳችሁ አብሩት እንጂ ፎርማት አታድርጉ።

መጫኛው ከምትጠብቁት የተለየ የዲስክ ብዛት ወይም መጠን ካሳያችሁ ግን እጃችሁን አንሱና ደውሉልኝ። ድራይቨሩን ያጣችሁት ደግሞ የላፕቶፑን ሙሉ ሞዴል ኢንቦክስ ላይ ጻፉልኝ፤ ነገ ቅዳሜ ስለሆነ ሁላችሁንም እመልሳለሁ።